ጥፋቱ የበረኛው ነው? የሌቭ ያሺን የሕይወት ታሪክ



መቼም በልጅነቱ በሠፈር ሜዳ ኳስ ያልተጫወተ በመካከላችን ጥቂት ነው። የካልሲ ኳስ ተሰፍቶ፣ ሁለት ድንጋይ ለግብ ተቀምጦ ቡድን ሲመረጥ በመጨረሻ የሚቀረው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሩጫ የማይሆንለት ወይም በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ነው። እሱም በረኛ ሁን ተብሎ ወደ ድንጋዮቹ መሐል ይላካል። አጥቂው አሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ በትከሻ ይያዛል። በረኛው ግን አሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ካመለጠው ማታ ወደ ቤቱ የሚሄደው ብቻውን ነው። ከእኛም መካከል በዚህ ዓይነት ብቻችንን ወደ ቤት የገባን ስላለን የበረኛ ነገር አንጀታችንን ይበላዋል።

ስለዚህ ለዚህ እትማችን የአንድ በረኛ ታሪክ መርጠናል። ስሙ ሌቭ ኢቫኖቪች ያሺን ይባላል። እንደሚታወቀው ብዙ ሰው የዓለም ታላቁ በረኛ እያለ ይጠራዋል። ዋንጫውንና ሜዳሊያውን እንነግራችኋለን፣ አንደብቅም። እኛን ይበልጥ የያዘን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰውየው በአደባባይ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደተነሣ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ያሺን ጥቅምት 22 ቀን 1929 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። ቤተ ሰቡ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። አባቱ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ የብረታ ብረት ባለሙያ ነበር። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበትና በእንጀራ እናት እጅ አደገ። 1941 ላይ የጀርመን ጦር ሶቭየት ኅብረትን ሲወር ፋብሪካው ከነሠራተኞቹ ከግንባሩ ርቆ ወደ ኡልያኖቭስክ አካባቢ ተዛወረ። ያሺኖችም አብረው ሄዱ። ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ስለዘመቱ ሠራተኛ ጠፍቶ ነበርና ልጁ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከአባቱ ጋር ፋብሪካ ገብቶ የብረት ሥራ ተለማማጅ ሆነ። ያ ዕድሜ እኮ ትምህርት ቤት ቁጭ ተብሎ ክፍልፋይ የሚሠራበት ዕድሜ ነው! ለዚህ አገልግሎቱ በጦርነቱ ዘመን በሥራ ላሳየው ትጋት ሜዳሊያ ተሸልሟል። የመጀመሪያ ሜዳሊያው እንግዲህ በኳስ የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ጦርነቱ አልቆ ወደ ሞስኮ ከተመለሱ በኋላም ሥራው ቀጠለ። ከፋብሪካ ሲወጣ ኳስ፣ ከኳስ ሲወጣ ፋብሪካ ሆነ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ አንድ ቀን ሰውነቱም መንፈሱም እምቢ አለ። ምንም ነገር አስጠላው፣ ሰው ሁሉ ያናድደው ጀመር፣ ብድግ ብሎ ከቤትም ከሥራም ጠፋ። በዚያን ጊዜ በሶቭየት ሕግ ከሥራ ገበታ መጥፋት በወንጀል ያስከስስ ነበር። ልጁ የሚያዋጣው ጊዜው ሳይደርስ በፈቃዱ ውትድርና መግባት መሆኑን የመከሩት ሰዎች ነበሩና ገባ። እኛ ይህን ቦታ ስናነብ ቆም አልን። ያ የዛለ ልጅ ያን ጊዜ ሰነፍ ተብሎ ቢመዘገብ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

በውትድርናው ለክፍሉ ቡድን በረኛ ሆኖ ሲጫወት አርካዲ ቼርኒሾቭ የሚባል አሠልጣኝ አየው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ እጁ ጉልበቱን የሚነካ ይመስላል። ቼርኒሾቭም ወደ ዲናሞ ሞስኮ የወጣቶች ቡድን ጠራው። ያሺን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኳስ እስካቆመበት ቀን ድረስ ሌላ ክለብ አልቀየረም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ውድቀት እንምጣ። የዲናሞ ዋናው በረኛ ያን ጊዜ አሌክሴይ ኾሚች ነበር። በ1945 ክለቡ ብሪታንያን ሲጎበኝ በዝላዩ ያስደነቀው፣ ነብሩ የሚል ስም የወጣለት ሰው ነው። ያሺን ከእሱ ጀርባ ተሰለፈ። 1950 ላይ ከስታሊንግራድ ቡድን ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ በሩን እንዲጠብቅ ተሰጠው። የተጋጣሚው በረኛ ኳሷን ከራሱ በር ሥር አጉኗት ለቀቃት። ነፋስ ረዳት መሰለኝ ሜዳውን አቋርጣ መጣች። ያሺን ዓይኑን ወደ ሰማይ ተክሎ ሊይዛት ወጣ፤ ከራሱ ተከላካይ ጋር ተላተመና ሁለቱም ወደቁ። ኳሷ ነጥራ መረብ ገባች። በረኛ በበረኛ ላይ አገባ! ተቀያሪ ወንበር ላይ የነበሩት ታላላቅ ተጫዋቾች ሆዳቸውን ይዘው እንደሳቁ ይነገራል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ኾሚች ስለተጎዳ ያሺን ለሊግ ጨዋታ ተቀይሮ ገባ። ተጋጣሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስፓርታክ፣ የዲናሞ ደመኛ! ዲናሞ አንድ ለባዶ እየመራ ነበር። ልጁ ኳስ ለማውጣት ሲሮጥ እንደገና ከራሱ ሰው ጋር ተጋጨ፤ ስፓርታክም አገባና አንድ ለአንድ ተለያዩ። ታዲያ ከዚህ በኋላ ማን ያምነዋል? በዚያ ዓመት የተጫወተው የሊግ ጨዋታ ሁለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1953 ድረስ በዋናው ቡድን በር ላይ አልታየም።

ሦስት ዓመት ለአንድ ወጣት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ዲናሞዎች አላባረሩትም። በተጠባባቂው ቡድን እየተለማመደ እንዲቆይ አደረጉት። ደግሞ ክረምት ሲሆንና ሜዳው በረዶ ሲለብስ ቼርኒሾቭ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድኑንም ያሠለጥን ነበርና ያሺንን እዚያ በረኛ አድርጎ አቆመው። ሆኪ ላይ የሚመጣው ኳስ አይደለም፤ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ ነው፣ እንደ ጥይት ይበራል። ይህን ዓይቶ መያዝ የለመደ ሰው ኳስ ብትመጣበት ትልቅ ድስት መስላ ትታየዋለች ብለን እንገምታለን። ያሺን በ1953 ከዲናሞ ጋር የሶቭየት ኅብረትን የሆኪ ዋንጫ አገኘ። በዚያው ዓመት ኾሚች ከዲናሞ በመልቀቁ ወደ እግር ኳሱ በር ተመለሰና የእግር ኳሱንም ዋንጫ ጨመረበት። በአንድ ዓመት በሁለት ስፖርት ዋንጫ! ነብሩ ኾሚች ደግሞ ኋላ የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ካሜራውን ይዞ ከበሩ አጠገብ እየተቀመጠ የተካውን ልጅ ያነሣው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ሽቅብ ነው። በ1954 ለብሔራዊ ቡድኑ ተመርጦ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከስዊድን ጋር አደረገ፤ ሰባት ለባዶ አሸነፉ። በ1956 ሜልቦርን ላይ ዩጎዝላቪያን አንድ ለባዶ ረትተው የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰዱ። ወርቃቸውን ይዘው በመርከብ እስከ ቭላዲቮስቶክ፣ ከዚያም በባቡር አገሪቱን አቋርጠው ነው ሞስኮ የገቡት። በ1960 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የአውሮፓ አገሮች ዋንጫ አሁንም ዩጎዝላቪያን በተጨማሪ ሰዓት ሁለት ለአንድ አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ። ዲናሞም ከ1954 እስከ 1963 ድረስ አምስት ጊዜ የሶቭየት ኅብረት ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል።

ስለ አጨዋወቱ ትንሽ ካላወራን ግን ነገሩ አይገባም። ከያሺን በፊት አብዛኛው በረኛ የሚታወቀው መስመሩ ላይ ቆሞ የመጣበትን በመመለስ ነበር። እሱ ግን የቅጣት ክልሉ በሙሉ ቤቴ ነው ያለ ይመስል ነበር። ኳስ ከተከላካዮቹ ጀርባ ሲጣል አጥቂው ሳይደርስባት ሮጦ ይወጣል፤ ካስፈለገም ከክልሉ ውጭ በእግሩ ወይም በጭንቅላቱ ይመታታል። ባርኔጣ ያደርግ ስለነበር ኳስ በጭንቅላቱ ሊመታ ሲል መጀመሪያ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራለታል። መያዝ የሚያሰጋውን ኳስ በቡጢ ያርቃል። ኳስ ከያዘ ደግሞ ጊዜ አያጠፋም፤ በእጁ ወርውሮ ለራሱ ሰው ያደርስና ማጥቃት ያስጀምራል። አፉም ዝም አይልም። ተከላካዮቹን በስማቸው እየጠራ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደ ኋላ እያለ ያዛል። ዛሬ በየስታዲየሙ የምናየው ይኼው ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንግዳ ነገር ነበር። ማሊያው ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ስለነበረና ክንዱም ስለሚረዝም ጥቁሩ ሸረሪት አሉት። ሌሎች ጥቁሩ ግሥላ ይሉታል።

ልብ በሉ፣ ከበሩ ርቆ የሚወጣ በረኛ ሲሳሳት ስሕተቱ ትልቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ሁለቱም የ1950 ጥፋቶች ኳስ ፍለጋ ሲወጣ የመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ላይ ተለጥፎ ቢቀር ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን መውጣቱን አልተወም፤ አወጣጡን ነው ያረመው።

እንግዲህ ሁለተኛውና ከባዱ ውድቀት በ1962 መጣ። የዓለም ዋንጫ በቺሊ ነው። ሶቭየት ኅብረት አሪካ በምትባል ሰሜናዊ ከተማ ተመድባ ዩጎዝላቪያን ሁለት ለባዶ አሸነፈች። ቀጥሎ ኮሎምቢያ መጣች። ገና በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ለባዶ ሆነ! ኋላም አራት ለአንድ። ሁሉም አበቃ አለ። በ68ኛው ደቂቃ ላይ ማርኮስ ኮል የተባለው ኮሎምቢያዊ የማዕዘን ምት መታ። ኳሷ ዝቅ ብላ ወደ ቅርቡ ቋሚ መጣች። እዚያ የቆመው ተከላካይ ይመልሳታል ሲባል አሳለፋት፤ ያሺንም ሳይዘጋጅ በቀጥታ መረብ ውስጥ ገባች። በወንዶች የዓለም ዋንጫ ታሪክ ከማዕዘን ምት በቀጥታ የገባች ብቸኛ ግብ እስከ አሁን እሷ ነች። ኮሎምቢያዎች ነፍስ ዘሩና ጨዋታው አራት ለአራት አለቀ።

ኡሩጓይን ሁለት ለአንድ አልፈው ሩብ ፍጻሜው ከባለሜዳዋ ቺሊ ጋር ሆነ። ሌዎኔል ሳንቼስ በቅጣት ምት አንድ አገባ። ቺስሌንኮ አቻ አደረገ። ወዲያው ኤላዲዮ ሮኻስ ከሩቅ መትቶ ሁለተኛውን አስቆጠረ። ሁለት ለአንድ ተሸንፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያሺን በዚያ ውድድር ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር፤ ይህን ግን ያን ጊዜ የሰማ ጥቂት ነው።

ችግሩ ወዲህ ነው። ጨዋታዎቹን የሶቭየት ሕዝብ በቴሌቪዥን አላያቸውም። ያወቀው ከጋዜጣ ባነበበው ብቻ ነው፤ ጋዜጣው ደግሞ ጥፋቱን በበረኛው ላይ ጣለው። የፈረንሳይ ጋዜጣም ያሺን አበቃለት ብሎ ጻፈ። ማን ኳሷን እንዳሳለፋት፣ ከስንት ሜትር እንደተመታች፣ አጥቂዎቹ ስንት እንደሳቱ የሚናገር አልተገኘም። ሰውየው ወደ ሞስኮ ሲመለስና ለዲናሞ ሲሰለፍ ስሙ ገና ሲጠራ ስታዲየሙ በፉጨት ተናጋ። ኳስ በነካ ቁጥር ፉጨት ነው። ቤቱ መስኮት ላይ ድንጋይ ተወርውሯል፣ የስድብ ደብዳቤም ጎርፎለታል። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሦስት እየሄደ ነው። ጡረታ ውጣ የሚለው በዛ። እሱም ሊተወው ቆርጦ ነበር።

በዚህ ጊዜ የዲናሞ አሠልጣኝ አሌክሳንደር ፖኖማሬቭ ያደረገውን እኛ በጣም ወደድነው። አልተቆጣም፣ ስብሰባም አልጠራ። ሒድና ዓሣ አጥምድ አለው። ያሺን ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው። መንጠቆውን ይዞ ገጠር ወርዶ ሰነበተ። ፉጨት የለም፣ ጋዜጣ የለም። ቆይቶ የኳስ ናፍቆት ሲይዘው ተመለሰ። ፖኖማሬቭ አሁንም አላስቸኮለውም። ከተጠባባቂዎቹ ጋር አጫወተው፤ ከዚያም ፉጨቱ ከሚጠብቀው ከሞስኮ ሜዳ ይልቅ መጀመሪያ በሌሎች ከተሞች አሰለፈው። በመሐላችን ይህ ማባበል ነው፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይያዝም ብሎ የተከራከረ ጓደኛ አለ። እኛ ግን አልተቀበልነውም። ውጤቱን ተመልከቱና ፍረዱ።

በ1963 ያሺን በሊጉ 27 ጨዋታ ተሰልፎ የገባበት ግብ ስድስት ብቻ ነው። ስድስት! ዲናሞ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በዌምብሌይ ስታዲየም እንግሊዝ ከዓለም ምርጥ ቡድን ጋር ትጫወት ተባለ። የዓለሙን ቡድን የሚያሠለጥነው ፈርናንዶ ሪዬራ ነው። ሪዬራ ማነው ብትሉ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ያሺንን ያስለቀሰችው የቺሊ አሠልጣኝ! አበቃለት የተባለውን በረኛ ከዓለም በረኞች ሁሉ መርጦ በር ላይ ያቆመው ያ አሪካ ላይ ከማዶ ሆኖ ሲያየው የነበረው ሰው ነው። አጠገቡ ዲ ስቴፋኖ፣ ኮፓ፣ ማሶፑስት፣ ኤውዜቢዮ፣ ኼንቶ፣ ዴኒስ ሎው አሉ። ያሺን በመጀመሪያው አጋማሽ ተጫወተ። የእንግሊዞቹ ግሪቭስና ጓደኞቹ ደጋግመው ሞከሩት፤ አንድም አላስገባም። ከዕረፍት በኋላ በሌላ በረኛ ተተካ፤ ሁለቱም የእንግሊዝ ግቦች የገቡት ያን ጊዜ ነው፤ ጨዋታውም ሁለት ለአንድ አለቀ። ይኼኛውን ደግሞ የሞስኮ ሰው በቴሌቪዥን አየው። ፉጨቱም ቆመ!

ወር ሳይሞላ ሮም ላይ ከኢጣሊያ ጋር ለአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወቱ። ዳኛው ለኢጣሊያ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። የሚመታው ሳንድሮ ማዞላ ነው። ያሺን አዳነበት፤ አንድ ለአንድ ወጥተው አለፉ። በዓመቱ መጨረሻ የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ወርቃማ ኳስ ኢጣሊያዊውን ጃኒ ሪቬራን በልጦ ወሰደ። አበቃለት ያለው ጋዜጣ አገር፣ ፈረንሳይ፣ የሚሰጠው ሽልማት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። በ1964 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ማድሪድ ላይ በስፔን ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። በ1966 በእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ አራተኛ ወጡ፤ ሶቭየት ኅብረት በዓለም ዋንጫ ያገኘችው ከፍተኛ ደረጃ ያ ነው። በ1970 ሜክሲኮ ሲሄዱ አርባ ዓመት ሞልቶታል፤ አልተሰለፈም፣ ለወጣቶቹ መካሪ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ለዲናሞ 326 የሊግ ጨዋታ አድርጓል።

ግንቦት 27 ቀን 1971 በሞስኮው የሌኒን ስታዲየም መቶ ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ተሰናበተው። ቦቢ ቻርልተንና ጌርድ ሙለር ከየአገራቸው መጥተው ተጫወቱ። ከዕረፍት በኋላ ጥቂት እንደቆየ፣ ገና ግብ ሳይገባበት፣ ከበሩ ወጣና ጓንቱን አውልቆ ለወጣቱ ለቭላዲሚር ፒልጉይ ሰጠው። ልጁ በብዙ ሺህ ዓይን ፊት ያን ጓንት ሲቀበል ምን ተሰማው ይሆን? ከሰባት ዓመት በፊት የፉጨት ጩኸት የነበረበት ከተማ ነውኮ፤ አይ፣ ተሳሳትን፣ ዘጠኝ ዓመት ነው።

በኋላ ዘመኑ በዲናሞና በስፖርት አስተዳደር ሠራ። ከባለቤቱ ከቫለንቲና ጋር ሁለት ሴቶች ልጆች አሳድጓል። ሲጋራ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከእጁ አይለይም ነበርና የደም ሥሩ ታመመ። በኋላም አንድ እግሩ ተቆረጠ። ያ ከበሩ እየወጣ ሜዳውን ያዳረሰ እግር! ነሐሴ 1989 ስልሳኛ ዓመቱ ሲከበር በዲናሞ ስታዲየም የአውሮፓና የዓለም የቀድሞ ኮከቦች ተሰብስበው ሲጫወቱለት በምርኩዝ ሆኖ ተመለከተ። መጋቢት 1990 ላይ የሶሻሊስት ሥራ ጀግና የሚለው ከፍተኛ ማዕርግ ተሰጠው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 20፣ በካንሰር ሞተ። የተቀበረው ሞስኮ ውስጥ በቫጋንኮቮ መካነ መቃብር ነው።

በ2018 ሩሲያ የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ በይፋዊው ፖስተር ላይ የተሣለው ባርኔጣውን ያደረገው ያሺን ነበር፤ አንድ እጁን ዘርግቶ ኳስ ሊይዝ ተወርውሮ ይታያል። ከ2019 ጀምሮ ለምርጥ በረኛ የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ተጠርቷል፤ የመጀመሪያውን የወሰደው ብራዚላዊው አሊሶን ቤከር ነው። ወርቃማውን ኳስ ራሱን ግን ከ1963 ወዲህ የወሰደ ሌላ በረኛ የለም።